«ፈቃድ ማደስ» ወይስ ማስረጃን እንደገና ማውጣት? የተጠቃሚዎች ቡድን አሠራር ታሪክና የአማርኛ ስያሜው

1. መነሻ

በኮምፒዩተር አስተዳደር መመሪያዎች ውስጥ ደጋግሞ የሚያጋጥም አንድ ሐረግ አለ። ቃል በቃል ወደ አማርኛ ሲመለስ «ሳይወጡ የተጠቃሚ ቡድን ፈቃድን ማደስ» ይሆናል። ከአምስቱ ቃላት ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ የሆነ አንድም የለም፤ መውጣት፣ ተጠቃሚ፣ ቡድን፣ ፈቃድ፣ ማደስ ሁሉም የታወቁ ናቸው። ይሁን እንጂ ቃላቱን አንድ በአንድ እያወቁ የነገሩን ምንነት መሳት የሚቻልበት ሐረግ ቢኖር ይህ ነው።

ጉዳዩ የቃላት ውበት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ሐተታ ባላስፈለገው ነበር። አንድ የመሥሪያ ቤት የኮምፒዩተር ኃላፊ አንድን ሠራተኛ ከሒሳብ ክፍል ቡድን ሰርዞ «ፈቃዱ ታድሷል» የሚል ቃል ቢያነብ፣ በሩ ተዘግቷል ብሎ አምኖ ይሄዳል። ሠራተኛው ግን ከጧት ጀምሮ ከፍቶ በተዋቸው ፕሮግራሞች አማካይነት የሒሳቡን መዝገብ እስከ ማታ ድረስ ሊያነብ ይችላል። በአንጻሩም ዛሬ ወደ ቡድኑ የተጨመረ ሠራተኛ ስሙን በአባላት ዝርዝር ላይ እያየ «ፈቃድ የለህም» የሚል መልስ ይሰጠዋል። ማሽኑ በሁለቱም ጊዜ የሚሠራው እንደ ደንቡ ነው፤ የሚያሳስተው ቃሉ ነው።

ለአንድ ነገር ስያሜ ከማውጣት በፊት የነገሩን አመጣጥ መመርመር ተገቢ ስለሆነ፣ በዚህ ጽሑፍ በመጀመሪያ የአሠራሩን ታሪክ ከ1961 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአጭሩ እንተርካለን፤ ቀጥለንም ሐረጉ በእርግጥ ምን እንደሚታደስ ሊነግረን እንደሚገባ መርምረን፣ ለመዝገበ ቃላት አዘጋጆችና ለተርጓሚዎች ይበጃል የምንለውን ሐሳብ እናቀርባለን።

2. «መግባት» ከየት መጣ?

በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ይሠራባቸው የነበሩት ኮምፒዩተሮች ባመዛኙ በአንድ ጊዜ የአንድን ሰው ሥራ ብቻ የሚያከናውኑ ስለነበሩ «ተጠቃሚው ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ለማሽኑ አይቀርብለትም ነበር። ባለጉዳዩ ሥራውን በተበሳ ካርድ አዘጋጅቶ ለማሽን ክፍሉ ሠራተኛ ያስረክባል፤ ማንነቱን የሚያውቀው ሰው እንጂ ማሽን አልነበረም።

ይህን ሁኔታ የለወጠው የጊዜ መጋራት አሠራር ነው። በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በፈርናንዶ ኮርባቶ መሪነት የተሠራውና «ሲቲኤስኤስ» በሚል ምሕጻረ ቃል የሚታወቀው ሥርዓት በኖቬምበር 1961 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ ለእይታ ቀረበ። በዚህ ሥርዓት ብዙ ሰዎች በየራሳቸው የጽሕፈት መኪና ፊት ተቀምጠው በአንዱ ማሽን ስለሚገለገሉ፣ ማሽኑ እያንዳንዱን ለይቶ ማወቅ ግድ ሆነበት። የይለፍ ቃል በኮምፒዩተር ላይ ሥራ ላይ የዋለው በዚሁ ሥርዓት ነው። አማርኛው «የይለፍ ቃል» የእንግሊዝኛውን ባሕርይ በሚገባ መያዙን እዚህ ላይ መጠቆም ያስፈልጋል፤ ሁለቱም ከዘብ ጥበቃ የመጡ ናቸውና። «ይለፍ» የሚለው ትእዛዝ ዘቡ ለሚያሳልፈው ሰው የሚናገረው ሲሆን፣ በኋላ ግሱ ራሱ እንደ ስም ሆኖ «የይለፍ ወረቀት» የሚለውን ሐረግ አስገኝቷል። ወደዚህ ሐረግ በኋላ እንመለስበታለን።

«መግባት» የምንለው ቃል ግን የተለየ ታሪክ አለው። እንግሊዝኛው «ሎግ ኢን» ሲል «ሎግ» የሚለው ቃል በመጀመሪያ የግንድ ቁራጭ ማለት ነው። የጥንት መርከበኞች የመርከባቸውን ፍጥነት ለመለካት ቋጠሮ ባለው ገመድ የታሰረ እንጨት ወደ ባሕር ይጥሉ ነበር፤ ልኬቱ የሚጻፍበት ደብተር የእንጨቱን ስም ወረሰ፤ ከዚያም ቃሉ በየሰዓቱ የሚሆነውን ሁሉ መመዝገብ ማለት ሆነ። በሲቲኤስኤስ አንድ ሰው ሲጀምር የሥራ መለያ ቁጥሩንና ስሙን ያስመዘግባል፤ ሲያበቃም ማሽኑ የተጠቀመበትን ጊዜ ቆጥሮ ይነግረዋል። ስለዚህ «ሎግ ኢን» በመዝገብ ላይ መስፈር፣ «ሎግ አውት» ደግሞ ሒሳብ መዝጋት ነበር ማለት ይቻላል።

አማርኛችን ከዚህ ሐረግ የወሰደው የመጨረሻውን ክፍል ብቻ ነው፤ «መግባት» እና «መውጣት» ብሎ የቤት ምሳሌ አደረገው። ቃላቱ አጭርና ግልጽ ስለሆኑ በሰፊው ተለምደዋል፤ ሊለወጡም አይገባም። ነገር ግን ምሳሌው አንድ መዘዝ አለው። ቤት ውስጥ የገባን እንግዳ ባለቤቱ «ከአሁን ጀምሮ ወደ ጓዳም መግባት ትችላለህ» ቢለው፣ እንግዳው ተነሥቶ ወደ ጓዳ ይገባል እንጂ ወደ ደጅ ወጥቶ እንደገና በር አያንኳኳም። በኮምፒዩተር ዘንድ ግን ወጥቶ መመለስ ያስፈልጋል። ምክንያቱ «መመዝገብ» የሚለው የጠፋው የቃሉ ግማሽ ውስጥ አለ፤ ማሽኑ የሚያምነው የአሁኑን የባለቤቱን ቃል ሳይሆን በመግቢያው ሰዓት የተጻፈውን ነው።

3. መልቲክስ፦ ሰውና ሥራው

ከሲቲኤስኤስ ቀጥሎ ይኸው ተቋም ከቤል ላቦራቶሪዎችና ከጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ ጋር ሆኖ በ1965 እ.ኤ.አ. አካባቢ «መልቲክስ» የተባለውን ታላቅ ሥርዓት መሥራት ጀመረ። በመልቲክስ የአንድ ተጠቃሚ ማንነት ሦስት ክፍል አለው፤ የሰውየው ስም፣ የሚሠራበት ፕሮጀክት ስምና አንድ መለያ ፊደል። ይህ አሠራር ዛሬ «ቡድን» ለምንለው ነገር ቀዳሚ ነው፤ በአንድ ፕሮጀክት ስር የሚሠሩትን ሁሉ ስማቸውን ሳይዘረዝሩ በአንድነት ለመፍቀድ ያስችል ነበርና።

መልቲክስ በእያንዳንዱ የመረጃ ክፍል ላይ ማን ምን ማድረግ እንደሚችል የሚገልጽ ዝርዝር ያኖራል። ባለቤቱ ይህን ዝርዝር ሲለውጥ ለውጡ ወዲያውኑ ይጸናል፤ መረጃው በዚያው ሰዓት በሌላ ሰው እጅ ቢሆን እንኳ ማሽኑ መብቱን እንደገና ያሰላል። ዳሩ ግን የሰውየው ፕሮጀክት የሚወሰነው ሲገባ ነው። ፕሮጀክቱን ለመለወጥ የሚፈልግ ሰው ወጥቶ በአዲሱ ስም ይገባል። እንግዲህ ገና ከጅምሩ ሁለት ነገሮች ተለይተው ይታያሉ፤ በመረጃው ላይ የተጻፈው ፈቃድ በየጊዜው የሚነበብ ሲሆን፣ በሰውየው ላይ የተጻፈው ማንነት ግን በመግቢያው ላይ አንድ ጊዜ ተጽፎ የሚቆይ ነው። ይህ ልዩነት የዚህ ጽሑፍ ዋና ነጥብ ስለሆነ አንባቢ በልቡናው ቢይዝልን እንወዳለን። የመጨረሻው መልቲክስ በካናዳ ሃሊፋክስ ከተማ በኦክቶበር 2000 እ.ኤ.አ. ተዘግቷል፤ ያስተማረው ትምህርት ግን አልተዘጋም።

4. ዩኒክስና «ኒውግሩፕ»

ቤል ላቦራቶሪዎች በ1969 እ.ኤ.አ. ከመልቲክስ ሥራ ሲወጡ፣ ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ በዚያው ዓመት «ዩኒክስ» የተባለውን ትንሽ ሥርዓት ጀመሩ። በኖቬምበር 1971 እ.ኤ.አ. የወጣው የመጀመሪያው የዩኒክስ መመሪያ ሰዎችን የሚከፍለው በሁለት ብቻ ነበር፤ የፋይሉ ባለቤትና ባለቤት ያልሆነ። ቡድን የሚባል ነገር በመካከሉ አልነበረም።

ሦስተኛው ክፍል በኋላ ተጨመረ። በ1975 እ.ኤ.አ. 6ኛው እትም ሲወጣ በእያንዳንዱ ፋይል ላይ ለባለቤቱ፣ ለቡድኑና ለሌሎች ሦስት ሦስት፣ በጠቅላላው 9 የፈቃድ ምልክቶች ነበሩ። የቡድኖቹ ስምና የአባላቱ ዝርዝር በአንድ ፋይል ተጽፎ ይቀመጣል። ነገር ግን አንድ ሂደት፣ ማለትም በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም፣ በአንድ ጊዜ ሊይዝ የሚችለው የአንድ ቡድን ቁጥር ብቻ ነበር። አንድ ሰው በዝርዝሩ ላይ የሦስት ቡድኖች አባል ሆኖ ቢጻፍ እንኳ በሥራ ላይ ሳለ የአንዱ አባል ብቻ ነው።

ለዚህ ችግር የተበጀው መፍትሔ «ኒውግሩፕ» የተባለው ትእዛዝ ነው። ስሙ ከሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት የተቆረጠ ሲሆን «አዲስ ቡድን» ማለት ነው። ትእዛዙ የአባላቱን ዝርዝር እንደገና ያነባል፤ ጠያቂው አባል መሆኑን ካረጋገጠ፣ ወይም ቡድኑ የይለፍ ቃል ኖሮት ጠያቂው ቃሉን ካወቀ፣ የቡድኑን ቁጥር ለውጦ አዲስ «ሼል»፣ ማለትም ትእዛዝ ተቀባይ ፕሮግራም፣ ይከፍትለታል። ሰውየው አልወጣም፤ የሚሠራበትም ቦታ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ፋይሎችን ለመክፈት ሲጠይቅ የሚታይለት የቡድን ቁጥር ብቻ ነው። ስለዚህ «ሳይወጡ» የሚለው ሐሳብ የዛሬ ፈጠራ አይደለም፤ ወደ ግማሽ ምዕተ ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ አለው።

5. የበርክሌይ ለውጥና የቅጂው ጉዳይ

በዩኒቨርሲቲና በምርምር ቦታ አንድ ሰው በብዙ ሥራዎች ላይ በአንድነት ስለሚሳተፍ ከቡድን ወደ ቡድን መመላለሱ አሰልቺ ሆነ። በ1983 እ.ኤ.አ. ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ የወጣው የዩኒክስ እትም፣ «4.2 ቢኤስዲ» የሚባለው፣ አንድ ሂደት ከዋናው ቡድን ሌላ ተጨማሪ ቡድኖችን በአንድ ጊዜ እንዲይዝ አደረገ። ሰው ሲገባ የመግቢያው ፕሮግራም የአባላቱን ፋይል ከላይ እስከ ታች ያነባል፤ የሰውየው ስም የተገኘባቸውን ቡድኖች ሁሉ ቁጥር ይሰበስባል፤ ዝርዝሩንም በመጀመሪያው ሂደት ላይ ያትመዋል። ከዚያ ወዲያ የሚወለዱ ሂደቶች ሁሉ ይህን ዝርዝር ከእናታቸው ይወርሳሉ። ዝርዝሩን መለወጥ የሚችለው የበላይ ሥልጣን ያለው ሂደት ብቻ ነው፤ እርሱም ቢሆን የራሱን እንጂ በሥራ ላይ ያለ የሌላ ሂደትን ዝርዝር አይለውጥም።

አሠራሩ ለተጠቃሚው ምቾት ሰጠ፤ ነገር ግን አንድ እውነት ሰወረ። ቀድሞ «ኒውግሩፕ» ሲጠራ ዋናው ፋይል በየጊዜው ይነበብ ነበር። አሁን ግን በመግቢያው ላይ አንድ ጊዜ ተነብቦ ቅጂው ይዞራል። አስተዳዳሪው ዋናውን ቢያርም ቅጂው አይታረምም። ምክንያቱ ስንፍና አይደለም፤ አንድ ፋይል በተከፈተ ቁጥር የአባላቱን ፋይል ማንበብ ማሽኑን ያዘገየዋል። ቅጂው አጭር እንዲሆንም ገደብ ተደርጎበታል፤ ለምሳሌ ፋይሎችን በመረብ ለማጋራት የሚያገለግለው «ኤንኤፍኤስ» በተለመደው የማንነት መግለጫው ከ16 በላይ ተጨማሪ ቡድኖችን መላክ አይችልም። ሊኑክስም እስከ 2004 እ.ኤ.አ. ድረስ ገደቡ 32 ነበር፤ በዚያ ዓመት ወደ 65,536 ከፍ ብሏል።

ዛሬ በሊኑክስ የሚሠራ ሰው ራሱን «ዶከር» በተባለው ፕሮግራም ቡድን ውስጥ ሲጨምር፣ ወጥቶ እንዲገባ ወይም «ኒውግሩፕ» እንዲጠቀም ይመከራል። ይህ ምክር በ1975 እና በ1983 እ.ኤ.አ. የተደረጉት ሁለት ውሳኔዎች ቀጥተኛ ውጤት ነው። «ኒውግሩፕ» የሚያድሰው ግን ራሱ የከፈተውን ሼልና ከእርሱ የሚወለዱትን ብቻ ነው፤ በጎን ያለው መስኮት የድሮውን ዝርዝር እንደያዘ ይቆያል።

6. የ1975 ማስጠንቀቂያ

የዩኒክስ 6ኛ እትም በወጣበት በዚያው በ1975 እ.ኤ.አ. ጀሮም ሳልትዘርና ማይክል ሽሮደር በኮምፒዩተር ሥርዓት ውስጥ መረጃን ስለመጠበቅ አንድ ሰፊ ጥናት አሳተሙ። ካስቀመጧቸው መርሖዎች አንዱ እያንዳንዱ ጥያቄ በቀረበ ቁጥር የጠያቂው ሥልጣን ሊመረመር ይገባል የሚል ነው። ለፍጥነት ሲባል የቀድሞውን ምርመራ ውጤት ይዞ የሚሠራ ዘዴም በጥርጣሬ መታየት እንዳለበትና፣ ሥልጣን በተለወጠ ጊዜ የተያዘው ውጤት ሁሉ በሥርዓት መስተካከል እንደሚገባው አስገንዝበዋል።

የቡድን ዝርዝር ቅጂ በዚህ መርሕ ዓይን ሲታይ የቀድሞ ምርመራን ውጤት ይዞ መቆየት ነው። «ሳይወጡ ማደስ» የሚባለውም ሌላ ሳይሆን እነዚህ ሊቃውንት «ይስተካከል» ያሉትን ውጤት አንድ ሰው በገዛ እጁ፣ ለአንድ ሂደት ብቻ፣ ማስተካከሉ ነው።

7. የዊንዶውስ «ቶከን» እና የኬርቤሮስ ትኬት

በጁላይ 1993 እ.ኤ.አ. የወጣው ዊንዶውስ ኤንቲ ይህንኑ ቅጂ ስምና ቅርጽ ሰጠው። ሰው ሲገባ ሥርዓቱ የሰውየውን መለያ ቁጥርና የሚገኝባቸውን ቡድኖች መለያ ቁጥሮች በአንድ ላይ አድርጎ «አክሰስ ቶከን» የተባለ ነገር ያዘጋጃል። እያንዳንዱ ሂደት የዚህን ቅጂ ይዞ ይዞራል፤ ፋይል ሊከፍት ሲጠይቅ የፋይሉ ዝርዝርና የያዘው ቶከን ጎን ለጎን ይታያሉ። በተዘጋጀ ቶከን ላይ ያለን ቡድን ማገድ ወይም ማንቃት ይቻላል እንጂ ያልነበረ ቡድን መጨመር አይቻልም። አዲስ ቡድን የሚገኘው በአዲስ ቶከን ነው፤ አዲስ ቶከንም የሚገኘው ማንነትን እንደገና በማስረዳት ነው። ስለዚህ ሳይወጡ ለመሥራት የሚፈልግ ሰው የይለፍ ቃሉን በድጋሚ ሰጥቶ አንድ ፕሮግራም በአዲስ መግቢያ ያስከፍታል፤ ያ ፕሮግራም አዲሱን ቶከን ይዞ ይሠራል፤ የቀሩት በአሮጌው ይቆያሉ።

ብዙ ኮምፒዩተሮች በአንድ መረብ ሲያያዙ ደግሞ ሌላ ቅጂ ይጨመራል። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በ1983 እ.ኤ.አ. በተጀመረው «አቴና» ፕሮጀክት ውስጥ «ኬርቤሮስ» የተባለ የማንነት ማረጋገጫ ዘዴ ተሠራ፤ ስሙ በግሪክ አፈ ታሪክ የሙታንን ዓለም በር ከሚጠብቀው ባለ ብዙ ራስ ውሻ የተወሰደ ነው። 5ኛው እትሙ በ1993 እ.ኤ.አ. በደንብ ተጽፎ ወጣ፤ በ2000 እ.ኤ.አ. የወጣው ዊንዶውስ 2000ም ተቀበለው። ኬርቤሮስ ለሰውየው «ትኬት» ይሰጠዋል፤ ዊንዶውስ በትኬቱ ላይ የቡድኖቹን ዝርዝር አከለበት። ትኬቱ በተለመደው አሠራር 10 ሰዓት ይቆያል። አስተዳዳሪ በቀትር የለወጠው አባልነት በጧት በተሰጠ ትኬት ላይ የለም።

ከዚህ የተነሣ በዊንዶውስ ሁለት የተለያዩ ማደሶች አሉ። «ኬሊስት» በተባለው ትእዛዝ የተያዙ ትኬቶች ሲጣሉ ሥርዓቱ አዲስ ትኬት ከነአዲሱ ዝርዝር ያመጣል፤ በመረብ ላይ ወደሚገኝ ሌላ ማሽን በሚደረግ አዲስ ግንኙነትም ለውጡ ይታያል። ነገር ግን በራሱ ማሽን ላይ ያለው ቶከን ንቅንቅ አይልም። «ፈቃድ ታደሰ» የሚል ትርጉም የትኛው እንደታደሰ ካልተናገረ፣ አንባቢው ግማሹን ሠርቶ ሁሉን እንደሠራ ያስባል።

8. ሹም ሽር በማሽን ቤት

እስካሁን ባመዛኙ የተናገርነው ስለ መጨመር ነው። ከባዱ ጉዳይ ግን መሻር ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረታችን ሹመትና መብል አብረው እንደሚያበቁ ያስባል። በማሽን ቤት ግን የተሻረው ሹም ወዲያውኑ አይራብም፤ ከሽረቱ በፊት የተነሡ ሂደቶቹ የድሮውን ዝርዝር ይዘው መብላታቸውን ይቀጥላሉ። ቀድሞ የተከፈተ ፋይልም እስኪዘጋ ድረስ ክፍት ነው።

ከዚህም የባሰ አለ። በዩኒክስ አንድ አባል በአባልነቱ ዘመን በቡድኑ ስም የሚሠራ ፕሮግራም አዘጋጅቶ በፋይሉ ላይ ልዩ ምልክት ማኖር ይችላል፤ ፕሮግራሙን ያስነሣ ሁሉ የቡድኑን ሥልጣን ይይዛል። አባልነቱ ከተሰረዘ በኋላ ያ ፋይል ካልተፈለገና ካልተወገደ፣ ወጥቶ መግባት እንኳ ሽረቱን ሙሉ አያደርገውም። ስለዚህ ለሚጨመረው ሰው «ሳይወጡ ማደስ» ምቾት ሲሆን፣ ለሚሻረው ሰው ግን ሂደቶቹን ሁሉ ማቋረጥና የተዋቸውን ፋይሎች መመርመር ግዴታ ነው። መጨመርንና መሻርን በአንድ «ማደስ» ጠቅልሎ የሚያስተላልፍ ትርጉም ይህን ልዩነት ይደመስሰዋል።

9. የስያሜው ምርመራ

ከታሪኩ እንደምንረዳው በሐረጉ ውስጥ ሁለት ቃላት ቦታቸውን ስተዋል።

የመጀመሪያው «ፈቃድ» ነው። ፈቃድ በፋይሉ ላይ ያለ ነው፤ ፋይሉ በተከፈተ ቁጥር ይነበባል፤ ሲለወጥ ለሚቀጥለው ጥያቄ ወዲያውኑ ይጸናል፤ ስለዚህ ማደስ አያሻውም። ያረጀው የሰውየው የአባልነት ቅጂ ነው። ይህ ጉድለት በእንግሊዝኛውም አለ፤ ነገር ግን የምንጩን ቋንቋ ጉድለት መውረስ የተርጓሚ ግዴታ አይደለም።

ሁለተኛው «ማደስ» ነው። በአማርኛ «ፈቃድ ማደስ» ሲባል በማንኛውም ሰው አእምሮ የሚመጣው የመንጃ ፈቃድ ወይም የንግድ ፈቃድ ማደስ ነው፤ ይኸውም ጊዜው ያለፈበትን ያንኑ ፈቃድ፣ ይዘቱ ሳይለወጥ፣ ዕድሜውን ማራዘም ነው። እዚህ ግን የሆነው ተቃራኒው ነው፤ ዕድሜው ገና አላለቀም፤ ሊለወጥ የሚገባው ይዘቱ ነው። እንግሊዝኛው ለሁለቱ «ሪኒው» እና «ሪፍሬሽ» የሚሉ የተለያዩ ቃላት ሲኖሩት፣ አማርኛ ለሁለቱም «ማደስ» ካለ ልዩነቱ ይጠፋል። ጉዳዩን ይበልጥ የሚያወሳስበው እንግሊዝኛውም ሁልጊዜ ወጥ አለመሆኑ ነው፤ በ2012 እ.ኤ.አ. በወጣው «ኦኦት 2.0» የፈቃድ አሰጣጥ ደንብ «ሪፍሬሽ ቶከን» የሚባለው ዋና ተግባሩ የአጭር ዕድሜ ማስረጃ ሲያልቅ ሌላ ማስገኘት ነው፤ እዚያ «ማደሻ» ማለት ከእውነት አያርቅም። እንግዲህ ተርጓሚ ቃሉን ሳይሆን ድርጊቱን ማየት ይኖርበታል።

«ቶከን» ለሚለው ቃል «ምልክት» የሚል ትርጉም ሲሰጥ ይታያል። «ምልክት» ሰፊ ከመሆኑም በላይ ለሌሎች ብዙ ነገሮች ውሏል። በአንጻሩ «የይለፍ ወረቀት» የነገሩን ባሕርይ ይገልጻል። በር ላይ ተጽፎ የሚሰጥ፣ ያዡ የሚዞርበት፣ ዘቡም የሚያየው እርሱን ብቻ የሆነ ወረቀት ነው። በዋናው መዝገብ ላይ የተደረገ ለውጥ በወረቀቱ ላይ እንደማይታይ ማንም አንባቢ ሳይነገረው ይረዳል። በመግቢያ ክፍሉ ላይ ያነሣነው የቤት ምሳሌ ያጎደለውን ይህ ምሳሌ ይሞላዋል። «ወረቀት» የሚለው ለማሽን የማይስማማ ስለሆነ «ማስረጃ» ብንል ይሻላል።

10. የቀረበ ሐሳብ

ከዚህ በላይ በተገለጸው መሠረት የሚከተሉት ስያሜዎች ለውይይት ቀርበዋል።

ሀ) «የፋይል ፈቃድ»፦ በፋይሉ ላይ ለተጻፈው ብቻ። የሰውየውን ሁኔታ ለመግለጽ አያገልግል።

ለ) «የቡድን አባልነት»፦ በዋናው ዝርዝር ላይ ላለው የሰውየው ስም።

ሐ) «የይለፍ ማስረጃ»፦ በመግቢያ ጊዜ ተዘጋጅቶ ሂደቶች ለሚይዙት የአባልነት ቅጂ፤ ለዩኒክስ የቡድን ዝርዝርም ለዊንዶውስ ቶከንም ያገለግላል። «ትኬት» ስለተለመደ በኬርቤሮስ ብቻ እንዳለ ይቆይ።

መ) «ማስረጃን እንደገና ማውጣት»፦ ይዘቱ በአዲሱ አባልነት መሠረት እንዲለወጥ ለሚደረገው ድርጊት።

ሠ) «ማደስ»፦ ይዘቱ ሳይለወጥ ዕድሜ ለማራዘም ብቻ።

ረ) «መሰረዝ» እና «መሻር»፦ ስምን ከዝርዝር ማውጣት «መሰረዝ»፣ ሥልጣኑን በየሂደቱ በእርግጥ ማቋረጥ «መሻር» ይባል። የተሰረዘ ሁሉ ወዲያውኑ የተሻረ አይደለም።

ሰ) «መግባት» እና «መውጣት» እንዳሉ ይቆዩ፤ አንድን ፕሮግራም ብቻ ለመተው ግን «መዝጋት» ይባል እንጂ «መውጣት» አይባል።

በዚህ መሠረት የተነሣንበት ሐረግ «ከሥርዓቱ ሳይወጡ የይለፍ ማስረጃን በአዲሱ የቡድን አባልነት እንደገና ማውጣት» ይሆናል። «ረዘመ» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ እውነትም ከቀድሞው ይረዝማል። በማዘዣ ቁልፍ ላይ ለሚጻፍ አጭር ቃል «ማስረጃ አውጣ» ማለት ይበቃል። በመመሪያ ውስጥ ግን አራት ቃል ቆጥቦ አንባቢን በተዘጋ በርና ባልተዘጋ በር መካከል ከማሳሳት፣ አራት ቃል ጨምሮ በሩ ያለበትን ሁኔታ መንገር ይመረጣል።

አንዳንድ ተርጓሚዎች «ቶከን»ን በውጭ ቃልነቱ መተው ይሻላል ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ «ማዘመን» የሚለውን ለ«ሪፍሬሽ» ይመርጣሉ። «ማዘመን» ከ«ማደስ» የተሻለ መሆኑን አንክድም፤ ሆኖም «አፕዴት» ለሚለው ሥራ ላይ ስለዋለና አሮጌው ቅጂ ራሱ የሚታረም ስለሚያስመስል፣ አሮጌው ተጥሎ አዲስ ለሚወጣበት ለዚህ ድርጊት አይስማማም እንላለን። የተለየ አስተያየት ያላቸው አንባብያን፣ በተለይም በየመሥሪያ ቤቱ ሥርዓቶችን በተግባር የሚያስተዳድሩ ባለሙያዎች፣ በሥራ ቦታቸው በአማርኛ የሚነጋገሩባቸውን ቃላት ከነአገባባቸው ቢያሳውቁን በሚቀጥለው የስያሜ ዝርዝር ዝግጅት ላይ እንመረምራቸዋለን።